ሮቦቶቹ በነፃ ቢታዩም አይከስሩም፤ የኛ ፊልም ግን ይከስራል

የቡ ላይ «ትራንስፎርመር መጣ» ብትሉ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ የትኛው ሰፈር እንደሚተከል ነው። እኛ ጋ ትራንስፎርመር ማለት ምሰሶ ላይ የተሰቀለው፣ ሲቃጠል ሰፈሩን በሙሉ ጨለማ ውስጥ የሚከተው የመብራት ዕቃ ነው። ዛሬ የምናወራው ስለሌላኛው ነው። መኪና መስሎ ቆሞ በድንገት ተነስቶ ስለሚራመደው፣ ከሌላ ዓለም መጥቶ የሰው ከተማ መሀል ስለሚደባደበው፣ ምናልባትም አሁን በያዛችሁት ስልክ ሚሞሪ ላይ ስላለው። (ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ያኛው ከተቃጠለ ይሄኛው አይታይም።)

ፊልሙ አሪፍ ነው አይደለም የሚለውን ለሻይ ቤት እንተወው። እኛን የያዘን ጥያቄ አንድ ነው። ፊልም ከሲኒማ ወርዶ ሰው ቤት ሲገባ ገንዘቡን የሚያገኘው ማን ነው? ጥያቄው የሆሊውድ ይመስላል። ግን መልሱን ስንከታተለው የሚያደርሰን አዲስ አበባና ጅማ ላይ ካሜራ ተከራይቶ ፊልም ለመሥራት የሚሞክረው ልጅ ጋ ነው።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ማይክል ቤይ ዳይሬክት ያደረገው የመጀመሪያው «ትራንስፎርመርስ» አሜሪካ ውስጥ ሲኒማ የገባው ሰኔ 26 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። 150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣበት፤ ከዓለም ሲኒማ ቤቶች ብቻ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ኦፕቲመስ ፕራይም የሚባለው ዋናው ሮቦት ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ ከ10 ሺህ በላይ ክፍሎች ነበሩት። ሲለዋወጥ ዓይናችን የማይጠግበው በከንቱ አይደለም ማለት ነው። ከዚያ ጥቅምት 5 ቀን 2000 ዓ.ም. ዲቪዲው ወጣ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ 8.3 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ።

ጥቅምት 2000ን እናስታውስ፣ የማታስታውሱም ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ሚሊኒየሙን ካከበርን ገና ወር ከምናምን ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ የነበረው የስልክ አጭር መልእክት የተከፈተው በዚያው ሰሞን ነው። የጽሑፍ መልእክት መላክ እንደ አዲስ ነገር የታየበት ወቅት ነበር። የቡና አካባቢዋ ደግሞ እንደ ሁልጊዜው ቡና ለቀማ ላይ ነው። እሸት ቡናው ቀልቶ፣ እጅ ላይ ገንዘብ የሚገባበት፣ ቴሌቪዥንም ዲቪዲ ማጫወቻም የሚገዛበት ወራት። አሜሪካኖቹ ለገና ስጦታ አስበው ያወጡት ዲስክ ሳያስቡት ከኛ የቡና ወራት ጋር ገጠመ።

ግን ያ ዲስክ እኛ ጋ አልደረሰም፤ የደረሰው ቅጂው ነው። ያኔ እነሱ ሌላ ጠብ ላይ ነበሩ። ጥራት ያለው ፊልም በኤችዲ ዲቪዲ ይውጣ ወይስ በብሉሬይ የሚለው ጠብ። የፊልሙ ባለቤት ፓራማውንት ኤችዲ ዲቪዲን መረጠ፤ የካቲት 2000 ላይ ቶሺባ እጁን ሰጠና ኤችዲ ዲቪዲ ሞተ፤ ፊልሙም በብሉሬይ እንደገና ወጣ። እኛ በዚያ ጦርነት ውስጥ አልነበርንበትም። እኛ ጋ የነበረው ምርጫ አንድ ፊልም ያለበት ሲዲ ነው ወይስ ብዙ ፊልም የታጨቀበት ዲቪዲ የሚለው ነበር። ሁለተኛው ነዋ!

ከዚያ በኋላ ዲስኩ ራሱ ጠፋ። ፍላሽ መጣ፣ ሚሞሪ መጣ፣ ቴሌግራም መጣ። ሞባይል ቤት ገብተህ ስልክህን ትሰጣለህ፣ ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ፎልደር ከፍቶ «ትርጉም ነው ወይስ ዋናው?» ይልሃል፣ በጥቂት ብር ይጭንልሃል። ብዙዎቻችን የምንለው «ትርጉም» ነው። ተርጓሚው በፊልሙ ድምፅ ላይ እየደረበ ታሪኩን ይነግርሃል፣ ይቀልዳል፣ አክተሩ ሲደበደብ ያዝናል። ቤታችን የምናወራው አፋን ኦሮሞ፣ ተርጓሚው የሚያወራው አማርኛ፣ ሮቦቶቹ የሚያወሩት እንግሊዝኛ ነው፤ ሆኖም ማንም አይጠፋበትም። በአፋን ኦሮሞ የሚተርኩም አሉ። ይሄን ሥራ ንቀን አናወራም። ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፤ ትምህርት ቤት የሌለው፣ አድማጭ ብቻ የሚፈትነው።

ፍጥነቱም ጨምሯል። በ1999 ከሲኒማ እስከ ቤት ሦስት ወር ተኩል ፈጅቶ ነበር። ተከታዩ «ራይዝ ኦፍ ዘ ቢስትስ» ግን ሰኔ 2 ቀን 2015 ሲኒማ ገብቶ ሐምሌ 4 ቀን ቤት ለማየት በኢንተርኔት ይሸጥ ነበር። አንድ ወር ብቻ። ጥርት ያለ ቅጂ እዚያ በወጣ ማግስት ዓለም ሁሉ ይደርሰዋል፤ የቡም የዓለም አካል ናት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። «ታዲያ እየሰረቅናቸው ነው» የሚል ሰው አለ፤ «እነሱ ሀብታም ናቸው፣ ምን ይጎዳቸዋል» የሚልም አለ። ሁለቱም ዋናውን ነገር ይስቱታል። ትራንስፎርመርስ መጀመሪያውኑ ፊልም አይደለም፤ መጫወቻ ነው። ሀዝብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከጃፓን ያመጣቸውን ተለዋዋጭ መጫወቻዎች በዚህ ስም ገበያ ላይ ያዋለው በፈረንጆቹ 1984 ነው። ካርቱኑም፣ ፊልሙም የመጣው መጫወቻውን ተከትሎ ነው። መኪኖቹንም እዩ። ቢጫው ካማሮ፣ ሀመሩ፣ ከኦፕቲመስ ፕራይም በቀር ሌሎቹም ዋና ዋና ደግ ሮቦቶች የጀነራል ሞተርስ ምርት ናቸው። አዲሱ ካማሮ መንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊት ፊልም ላይ ሮቦት ሆኖ ዓለምን አድኖ ነበር፤ ሽያጩ የተጀመረው ከፊልሙ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። የሁለት ሰዓት ተኩል ማስታወቂያ፣ ያውም ሰው ከፍሎ የሚያየው!

እንዲህ ዓይነት ፊልም በነፃ ሲታይ አይሞትም። ሲኒማው ከፍሎታል፣ ዲቪዲው ከፍሎታል፣ መጫወቻው ይከፍለዋል። ጅማ መርካቶ ላይ የሚሸጠው ሮቦት የተሳለበት የልጅ ቦርሳ ለሀዝብሮ አምስት ሳንቲም ላያስገባለት ይችላል፤ እሱም ከየቡ አይጠብቅም። የቡ ለእነሱ የተረሳ ገበያ ነው፤ ብታይም ባታይም ሂሳባቸው ላይ የለህም።

የኛን ፊልም አሁን አጠገቡ አስቀምጡት። መጫወቻ የለው፣ መኪና የለው፣ ከጀርባው የቆመ ኩባንያ የለው። ያለው ገበያ ሲኒማና አንተ ናችሁ። የቡ ደግሞ የሲኒማ ከተማ አይደለችም፤ ስለዚህ ያለው አንተ ብቻ ነህ። ሞባይል ቤቱ ውስጥ ግን ፎልደሮቹ እኩል ናቸው። በ150 ሚሊዮን ዶላር የተሠራውና የአንድ ሰው ቤት ተይዞ በብድር የተሠራው በአንድ ዋጋ ይጫናሉ። የሮቦቶቹ ነፃ መሆን የሁሉም ፊልም ዋጋ ሆነ። ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ፈረንጁ ፊልም በመሰረቁ የከሰረው ፈረንጁ አይደለም፤ ለፊልም መክፈል የሚባል ልማድ ሳይፈጠር መቅረቱ የጎዳው የኛን ባለሙያ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። አዋጁ ሆን ብሎ መብት የጣሰን ሰው ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እሥራት ይቀጣል። ቀላል አይደለም። ግን የሚጠብቀው ማንን ነው? ኢትዮጵያዊ ወይም ኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነን የሥራ ባለቤት፣ እዚሁ መጀመሪያ የወጣን ሥራ፣ ፊልም ከሆነ ደግሞ አዘጋጁ ዋና መሥሪያ ቤቱ ወይም መኖሪያው እዚህ የሆነን። የውጭው ሥራ የሚገባው አገሪቱ በፈረመችው ዓለም አቀፍ ስምምነት በኩል ነው፤ ዲቪዲው በወጣበት በ2000 ደግሞ ኢትዮጵያ የበርን ስምምነት አባል አልነበረችም። ስለዚህ ያኔ ሮቦቶቹን ሲያባዛ የነበረው ልጅ በዚህ አዋጅ ሌባ ለመባል ያስቸግራል። ያንኑ ኮምፒውተር ተጠቅሞ አማርኛ ፊልም ሲጭን ግን አሥር ዓመት የሚያስፈርድ ወንጀል ውስጥ ገብቷል። ልጁ ልዩነቱን ያውቃል? ማን ነግሮት!

እዚህ ላይ ቡና አምራች ሆነን ዝም የማንልበት ነገር አለ። ፊልሙ ሲኒማ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በዚያው ሰኔ 1999፣ ኢትዮጵያና ስታርባክስ ስምምነት ላይ ደረሱ። ጠቡ የይርጋጨፌ፣ የሐረርና የሲዳሞ ቡና ስሞች የማን ናቸው የሚል ነበር። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት «ስሙም ንብረት ነው» ብሎ ተከራከረ፣ ዓለም ሰማው። ቡናውን በከረጢት ጭነን ስንልክ የምናገኘውና ስሙ ታትሞበት ሲሸጥ ሌላው የሚያገኘው ገንዘብ እንደማይገናኝ የየቡ ገበሬ ከማንም በላይ ያውቃል። በእጅ የማይዳሰስ ነገር ባለቤት እንዳለው፣ ባለቤቱም መከፈል እንዳለበት ለዓለም የተናገርነው እኛ ነን። ሞባይል ቤት ስንገባ ነው የምንረሳው።

በ2008 ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ የኪነ ጥበብ ሰዎች ብዙ ጮኸው ነበር። ስለ ባህል ያሉት ይቆየን። በገንዘብ ካየነው ግን ቃና የማሳየት መብት ገዝቶ፣ ኢትዮጵያዊ ድምፅ ሰጪዎችን ቀጥሮ የሠራ ተቋም ነው። ፍላሹ ግን መብት አይገዛ፣ ደመወዝ አይከፍል። ሆኖም ቢሮ ስለሌለው ማንም ሄዶ ደጁ ላይ አልጮኸም።

«ከኛ ሰው ሮቦት ማን ሊሠራ ነው?» ለሚል ሰው አንድ ፊልም እንጠቁም። በፈረንጆቹ 2015 የወጣው «ክረምብስ»፣ ፍርፋሪ ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ሚጌል ያንሶ የተባለ ስፔናዊ ቢሆንም ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይተውኑበታል፤ የተቀረፀውም እዚሁ አገር ነው፣ ዳሎል ሳይቀር። ዓለም ካለቀ በኋላ ሰማይ ላይ ተንሳፎ የቆመ የጠፈር መርከብ አለ። ከድሮው ዘመን የተረፉ የላስቲክ መጫወቻዎች ደግሞ እንደ ውድ ቅርስ ይቆጠራሉ። እስቲ አስቡት፤ እነሱ መጫወቻ ለመሸጥ ፊልም ሠሩ፣ እዚህ የተሠራው ፊልም በመጫወቻው ቀለደበት። ገንዘቡ ትንሽ፣ ሐሳቡ ትልቅ። ስልካችሁ ላይ ግን የለም፤ የሚተርከውም አላገኘ።

አሁን አማርኛም አፋን ኦሮሞም ፊልም ከሲኒማ በኋላ የሚሄደው ዩቲዩብ ላይ ነው። እዚያ ብዙ የሚያስገኘው ዱባይና ዋሽንግተን ሆኖ የሚያየው ሰው ነው፤ ማስታወቂያ የሚከፍለው በተመልካቹ አገር ዋጋ ነዋ። ስለዚህ ፊልም ሠሪው ለማን እንደሚሠራ ገንዘቡ ይነግረዋል። የሰርግና የመኪና ታሪክ የበዛው፣ የቡና ለቀማ ታሪክ የጠፋው ለምን እንደሆነ ከገረማችሁ አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለናል።

በሕጋዊ መንገድ ክፈሉ ብለን ልንመክራችሁም አይደለም፤ ራሳችንም አንችልም። ኔትፍሊክስ ከታኅሣሥ 2008 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራል፤ ግን የዶላር ካርድ ይፈልጋል፣ ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ ይመራ ከተባለ ወዲህ ደግሞ ዶላሩ ራሱ ሌላ ሮቦት ሆኗል። ሮቦቶቹን እዩ፤ ማንም አይከስርም። የምንለው ስለ ሁለተኛው ፎልደር ነው። ሞባይል ቤቱ አለ፣ ደንበኛው አለ፣ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ አምስት ብርም ቢሆን ከስልክ ወደ ስልክ ያሻግራል። አንድ ፕሮዲዩሰር ከአጋሮና ከየቡ ሞባይል ቤቶች ጋር ተስማምቶ ፊልሙን እነሱ እንዲጭኑ፣ ከየጭነቱ ድርሻ እንዲይዙ ቢያደርግ የሚያግደው ሕግ የለም። ልጁም ወንጀለኛ መሆኑ ይቀርና ወኪል ይሆናል። ያው ፊልም በማግስቱ ቴሌግራም ላይ መለቀቁ አይቀርም፤ ይሄ እውነት ነው። ነገር ግን ልጁ የራሱ ድርሻ ያለበትን ፊልም «ይሄን ከቴሌግራም አውርደው» ብሎ ደንበኛውን አይሸኝም። እስከ ዛሬ ፊልም ሠሪዎች ሞባይል ቤት የሚመጡት ከፖሊስ ጋር ነው፤ በቡና ወራት፣ ኪስ ሞላ ባለበት ጊዜ፣ ውል ይዞ የመጣ ግን እስካሁን አላየንም።