የሰኔ ማንጎና የጾም ገበታ

ሰኔ በገባ ቍጥር በመቱና በአካባቢዋ ለምትኖር የቤት እመቤት አንድ የማይቀር ሥራ ይጠብቃታል፤ ይኸውም በየጓሮው ከዛፍ እየወደቀ የሚበሰብሰውን ማንጎ መልቀም ነው። ሌሊቱን ሲዘንም ያድርና፣ ጧት በር ሲከፈት ግማሹ ደኅና፣ ግማሹ የተፈረጠ ማንጎ በጭቃው ላይ ተበትኖ ይገኛል። ልጆች ሁለት ሦስቱን በልተው ይጠግባሉ፤ በዚያ ሰሞን ማንጎ በየቤቱ ስለሚተርፍ ወደ ገበያ ቢወስዱትም የሚገዛው ጥቂት ነው፤ የቀረውን ዝንብ ይወርሰዋል። በዚያው ሳምንት ግን ከሱቅ ብስኩት በውድ ዋጋ ገዝተን ለልጆቻችን ስናድል እንገኛለን። በረከቱ በደጃችን ወድቆ ሳለ በገንዘባችን ሌላ መፈለጋችን ምን ዐይነት ባልትና ነው? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ፣ የምንመልሰው መልስ አይኖረንም።

ወቅቱ ደግሞ የጾም ወቅት ነው። የሐዋርያት ጾም ከጰራቅሊጦስ በዓል ማግስት ሰኞ ይጀምርና ሐምሌ 5 ቀን፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ዕለት ይፈታል፤ ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉም ነሐሴ 1 ቀን ጾመ ፍልሰታ ይገባል። እንግዲህ በክረምት ለቤተ ሰብ የሚዘጋጅ ጣፋጭ፣ ቅቤና ወተት እንቍላልም የሌለበት ሊሆን ይገባዋል። በዚህ ወር የመረጥነው ምግብ ለዚህ እጅግ የተስማማ ነው። እንግሊዞች «ክራምብል» ይሉታል፤ ትርጉሙም ፍርፋሪ ማለት ነው። ፍሬው ተከትፎ ከሥር ይነጠፋል፤ ዱቄት ከስኳርና ከስብ ጋር ታሽቶ እንደ ፍርፋሪ በላዩ ይነሰነሳል፤ ከዚያም ይጋገራል። እንቍላል ከመጀመሪያውም አይገባበትም፤ ቅቤውም በዘይት ቢተካ ምንም አይጎድልበትም።

ይህ ምግብ በእንግሊዝ አገር በይበልጥ የተለመደው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። በዚያ አገር ቅቤውም ስኳሩም፣ እንደ እኛ አቈጣጠር ከ1932 ጀምሮ፣ በራሽን ይታደል ነበር፤ የምግብ ራሽንም ፈጽሞ የቀረው በ1946 ነው። ፍሬን በተዳመጠ ሊጥ ሸፍኖ መጋገር ብዙ ዱቄትና ብዙ ስብ ስለሚፈጅ፣ የቤት እመቤቶች ጥቂቱን ዱቄት ፈርፍረው በላዩ መበተንን መረጡ። ከማጣት የተወለደው ብልሃትም ማጣቱ ካለፈ በኋላ ሳይረሳ ቀረ። ለኢሉባቦር ሰው የእንግሊዝ ስም እንግዳ አይደለም፤ በ1894 በተፈረመው ውል መነሻነት ጋምቤላ የእንግሊዝ የንግድ ጣቢያ ሆና ነበር፤ በጎሬም የእንግሊዝ ቆንስላ ተቀምጦ ነበር። የባሮ ወንዝ በክረምት ሲሞላ ከሱዳን በኩል መርከብ እስከ ጋምቤላ ይዘልቅ ነበርና፣ የአገሩ ቡና በዚያ መንገድ ይወርድ፣ ጨርቅና ጨውም በዚያው ይመጣ ነበር። ዛሬ ግን ለምንሠራው ምግብ ከውጭ የሚመጣ ነገር ብዙ አያስፈልገንም።

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት፣ በራሳችን እጅ የተፈጸመ አንድ ስሕተት ልንናዘዝ ይገባናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመቱ ከተማ ይህንኑ ምግብ ስንሠራ፣ «ከአትክልት የተሠራ ነው» በሚል እምነት ማርጋሪን ገዝተን ከዱቄቱ ጋር አሸነው። ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ጎረቤታችን የሆኑትን አንዲት አረጋዊት እናት ጋበዝን። እርሳቸውም መርቀው ቀመሱ፤ ሁለተኛውን ማንኪያ ሲያነሡ የልጃቸው ልጅ መጠቅለያውን ከማእድ ቤት አንሥታ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ጮክ ብላ ታነብ ጀመር። ከተዘረዘሩት መካከል ወተት ነበረበት።

እማማ ማንኪያውን በዝግታ አስቀመጡት። እኛ በሐፍረት ስንርበተበት እርሳቸው ግን አልተቈጡም። «ልጆቼ፣ እናንተም ሳታውቁ ሰጣችሁኝ፣ እኔም ሳላውቅ በላሁ፤ ለንስሐ አባቴ እነግራቸዋለሁ» አሉን። ቀጥለውም «ነገር ግን ይህን አትርሱ፤ እኔ ዱቄቱን አላየሁትም፣ ዘይቱንም አላየሁትም፤ አይቼ የበላሁት እናንተን ነው» አሉን። ይህ ቃል ከብዙ ተግሣጽ ይልቅ ከበደን። ጾመኛን የሚጋብዝ ሰው የጾመኛውን አደራ ይቀበላል። ማርጋሪን ብዙ ጊዜ ከዘይት ቢሠራም ወተት ወይም የወተት ተዋጽኦ የሚገባበት አለ፤ ብስኩትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ መጠቅለያ ያለውን ሁሉ ሳያነቡ «የጾም ነው» ብሎ ማቅረብ ለማንም አይገባም።

እማማ በማግሥቱ የራሳቸውን ድስት ይዘው መጡና አጋገሩን እንደ ድፎ ዳቦ አድርገው አሳዩን። ከዚያ ወዲህ የምንሠራበት መጠን ለስድስት ሰው የሚከተለው ነው።

አምስት መካከለኛ ማንጎ ይላጣል፤ የጓሮው ማንጎ ትንንሽና ጭረታም ከሆነ እስከ አሥር ሊያስፈልግ ይችላል። ሥጋው ከፍሬው ላይ ተገፎ በጣት ውፍረት ይከተፋል፤ ሁለት ሙዝ ይታከልበታል። የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ገብቶ ይደባለቃል። ዱቄቱ የፍሬውን ውሃ ይይዛል፤ ሌላ ውሃ ከቶ አይጨመርም። ማሩም ኮረሪማውም ከዚያው ከኢሉባቦር ደን የሚገኙ ናቸውና የአገሩ ሰው ስለ እነርሱ ከእኛ አይማርም።

ለላይኛው ፍርፋሪ፣ 250 ሚሊ ሊትር በሚይዝ የውሃ ብርጭቆ አንድ ብርጭቆ ተኩል ፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ ብርጭቆ ቅቤ ያልነካው የገብስ በሶ፣ ግማሽ ብርጭቆ ስኳርና ቍንጥጫ ጨው ይደባለቃል። ግማሽ ብርጭቆ ዘይት በጥቂት በጥቂቱ እየፈሰሰ በጣት ጫፍ ይታሻል። ሲጨብጡት የሚያያዝ፣ ሲነኩት የሚፈረፈር ከሆነ ደርሷል። እንደ ሊጥ ከተለወሰ ግን ዘይቱ በዝቷልና ጥቂት ዱቄት ይታከልበት።

ወፍራም የብረት ድስት ውስጥ በእሳት የለዘበ የኮባ ቅጠል ይነጠፋል፤ ፍሬው በቅጠሉ ላይ፣ ፍርፋሪውም ሳይጠቀጠቅ በፍሬው ላይ ይደረጋል። ድስቱ ተከድኖ ከላይም ከታችም ፍም ይደረግለታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ስኳርና ማር ቶሎ ስለሚያሩ ከሥር ጥቂት፣ በክዳኑ ላይ ብዙ ፍም መሆን አለበት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዐመድ እንዳይገባ ክዳኑን ቀስ ብሎ አንሥቶ እንፋሎቱን ማስወጣትና መልሶ መክደን ነው፤ ላዩ ወርቅማ ሆኖ የፍሬው ጭማቂ በዳር ሲንተከተክ ይወጣል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው ቤት በ180 ዲግሪ 40 ደቂቃ ያህል ቢጋግረው ይበቃል። ከወጣ በኋላ ሩብ ሰዓት ካልቀዘቀዘ ጭማቂው አይረጋም።

ዝናም ነው ብለን ከሰሉን በተዘጋ ቤት ውስጥ ማንደድ ግን ፈጽሞ አይገባም። የከሰል ጭስ የማይታይና ሽታ የሌለው መርዝ አለበት፤ የተኛን ቤተ ሰብ ሳይቀሰቅስ ይገድላል። በረንዳ ላይ፣ ወይም በርና መስኮቱ በተከፈተ ማእድ ቤት ይሠራ፤ ምግቡ ሲወጣም ፍሙ ወደ መኝታ ክፍል አይግባ።

በፍልሰታ ማንጎው ሲያልቅ ሙዝና ዘይቱን ይተኩታል፤ የዘይቱኑ ፍሬ ጠንካራ ስለ ሆነ አስቀድሞ ተነሥቶ ይጣል። እንደ ጎሬ ባለ ደጋ ቦታ ኮክ ያለው ሰው በኮክ ቢሠራው እጅግ ያምራል።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንናገር። ቅቤን በዘይት ለውጦ ሆድን መሙላት ጾም አይባልም፤ ይህን ምግብ የጻፍነውም ጾሙን ለማቃለል አይደለም። ሰዓቱን ጠብቆ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ይቅረብ። ከብስኩቱ የተረፈው ገንዘብ ለተቸገረ ይሰጥ፤ አንድ ሣህንም ተከድኖ የማንጎ ዛፍ ወደሌለው ጎረቤት ይሂድ።

ባለፈው ሰኔ ለእማማ ይህንኑ ይዘን ሄድን። ሳይቀምሱ «መጠቅለያውስ?» ብለው ጠየቁን። ማንጎው ከጓሮ፣ በሶው ከቤት፣ ዘይቱም ከኑግ የተጨመቀ መሆኑን አንድ በአንድ ነገርናቸው። ሳቁና ባርከው ቈረሱት።

ለሐምሌ 5 ቀን በሰላም ያድርሰን።