«እርምጃ ተወሰደባቸው»

ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱ እናቶች ቁልቁለቱን በአጭር በአጭር እርምጃ ነው የሚወርዱት። ልጅ ትምህርት ቤት እንዳይረፍድበት «እርምጃህን ጨምር!» ይባላል። ጉለሌ ውስጥ ቃሉ ከእግር ጋር የሚውል፣ ማንንም የማያስፈራ ቃል ነው።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ግን በሬዲዮና በጋዜጣ ሌላ ሥራ ተሰጠው። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀ መንበር ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ፣ ሻምበል ሞገስ ወልደ ሚካኤል፣ ሻምበል ዓለማየሁ ኃይሌና ሌሎች የደርግ አባላት በታላቁ ቤተ መንግሥት ተገደሉ። በዚያ ዘመን የዜና ቋንቋ እንዲህ ያለው ግድያ ስሙ «አብዮታዊ እርምጃ» ነበር። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የተቃዋሚዎች ደም ይፈሳል ለማለት በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ከሰበሩ በኋላ ደግሞ አባባሉ እስከ ቀበሌ ወረደ። ተማሪው፣ መምህሩ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው ሌሊት ከቤቱ ተወስዶ ይረሸናል፤ ሬሳው ጽሑፍ ተለጥፎበት መንገድ ዳር ይጣላል። ዜናው ግን ደርግ ለተቃዋሚዎቹ ባወጣው ስም «በአናርኪስቶች ላይ እርምጃ ተወሰደ» ብሎ ያልፋል።

ዓረፍተ ነገሩን ልብ ብላችሁ እዩት። «ተወሰደባቸው» ሲል ወሳጁ የለም። ማን ተኮሰ? ማን አዘዘ? የትኛው ፍርድ ቤት ፈረደ? ሟቹስ ስሙ ማን ነው? ሞት የሚል ቃል እንኳ አልገባበትም። ዜና አንባቢው ድምፁን ሳይለውጥ ከእርምጃው ወደ እህል ምርት ዘመቻ መሻገር የቻለው ለዚህ ይመስለኛል።

ሽሮ ሜዳ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት በዚያ ዘመን ወንድ ልጃቸውን አጥተዋል። ጥቁር መልበስና ማልቀስ እንኳ የሚያስጠይቅበት ጊዜ ነበር። ከዓመታት በኋላ ስለ ልጃቸው ሲያወሩ ያንኑ የሬዲዮ ቃል ይጠቀሙ ነበር፤ ግን «ተወሰደበት» ብለው አያውቁም። «እርምጃ ወሰዱበት» ነው የሚሉት። ፊደል ያልቆጠሩት እኒያ እናት ዜናው የሰረዘውን ገዳይ ወደ ቦታው መለሱት። ከእሳቸው የተሻለ አርታኢ አላየሁም።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ አባባሉ ግን አብሮት አልወደቀም። ዛሬም በየሳምንቱ «በሕገወጥ ነጋዴዎች ላይ እርምጃ ተወሰደ» እንሰማለን። ሱቁ ታሸገ? ነጋዴው ተቀጣ? ታሰረ? ወይስ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ወደ ሥራው ተመለሰ? «በታጣቂዎች ላይ እርምጃ ተወሰደ» ሲባል ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል፦ ስንት ሰው ሞተ፣ ስንቱ ተያዘ? የዘንድሮ ዘጋቢዎች ክፉ ሐሳብ አላቸው አልልም። መግለጫው እንዲያ ብሎ ይመጣላቸዋል፤ እንዳለ ያትሙታል። የደርግ ዘመን ዘጋቢም ያደረገው ይኸንኑ ነበር፤ በእርግጥ እሱ እንቢ ቢል የሚጠብቀው ምን እንደነበር እናውቃለን። የዛሬው ቢያንስ ስልክ አንሥቶ መጠየቅ ይችላል።

እናም የዜና ክፍል ባልደረቦቼ ሆይ፣ መግለጫው «እርምጃ ተወሰደ» ብሎ ሲደርሳችሁ ሳታትሙት በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ማን፣ በማን ላይ፣ ምን አደረገ? ታሸገ ከሆነ ታሸገ በሉ። ታሰረ ከሆነ ታሰረ በሉ። ሰው ተገድሎ ከሆነ ደግሞ ተገደለ ብላችሁ፣ ከነገዳዩ ጻፉ።