እንጀራው በዘጠኝ ሰዓት አለቀ

አንዲት እናት በሐምሌ ፀሐይ ሁለት ልጆቿን ይዛ በአንድ የአሜሪካ ከተማ ዳርቻ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ቆማለች። ከመግቢያው በላይ የተወጠረው ጨርቅ የኢትዮጵያን የምግብ ፌስቲቫል ያበሥራል። የመግቢያውን ዋጋ ከሳምንታት በፊት በስልኳ ከፍላለች፤ ምግቡ ግን ለብቻው ይከፈልበታል። አርባ ደቂቃ ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ፣ ሰልፉ የምግብ ሳይሆን የኩፖን መግዣ መሆኑን ትረዳለች። በሁለተኛው ሰልፍ አጋማሽ ላይ ሳለች ከፊት በኩል ወሬ ይመጣል፤ እንጀራ አልቋል። ጊዜው ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ዝግጅቱ የሚያበቃው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው ተብሎ ነበር። በወረቀት ሳህን የደረሳት የቀዘቀዘ ሩዝና ሁለት ማንኪያ ምስር ነው። አማርኛ የሚሰማ እንጂ የማይናገረው ትንሹ ልጇ ፒዛ ይሻለን ነበር ይላል፤ በእንግሊዝኛ። እናቲቱ ወደዚያ የመጣችው ግን ለራሷ ርሀብ አልነበረም፤ ልጆቹ የአገራቸውን ማዕድ በሕዝብ መካከል፣ በክብር ተዘርግቶ እንዲያዩት ነበር።

ከእንዲህ ያለ ቀን በኋላ በየቤቱ የሚሰማው ማብራሪያ አንድ ዓይነት ነው፤ አበሻ ሰልፍ አያውቅም፣ ሰዓት አያከብርም ይባላል። ይህ ራስን የመውቀስ ልማድ ምንም አያስረዳም። በመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ብሩክሊን በተካሄደ የፒዛ ፌስቲቫል፣ እስከ 75 ዶላር የከፈሉ ሰዎች ረጅም ሰልፍና ጥቂት ቀጫጭን የፒዛ ቁራሾች ጠብቀዋቸዋል፤ ጉዳዩም የግዛቱን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ለምርመራ አነሣስቷል። እዚያ የተሰለፈው አበሻ አልነበረም።

ችግሩ የሒሳብ ነው። አንድ ድንኳን በሁለት ደቂቃ አንድ ሳህን ቢያወጣ በሰዓት 30 ሳህን ያወጣል። ዐሥር ድንኳኖች በሰዓት 300፣ ሰው ሁሉ በሚራብባቸው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ባሉት ሦስት ሰዓታት 900 ሳህን ያወጣሉ። በሩን ያለፈው 5,000 ሰው ከሆነ የቀረው ነገር ግልጽ ነው። ይህን ለማስላት እርሳስና ቁራጭ ወረቀት ይበቃል። የማይሰላበት ምክንያት ግን ቲኬት ሻጩና አብሳዩ የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው ነው። ከመግቢያና ከድንኳን ኪራይ የሚያገኝ አዘጋጅ ገቢው ማንም ሳይጎርስ ተሰብስቧል፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቲኬት ለእርሱ ትርፍ፣ ለአብሳይዋ ደግሞ ጭንቅ ነው። ሌሊቱን ስትሠራ አድራ የመጣች የምግብ ቤት ባለቤት፣ እርሷ ያልጠራችው ሕዝብ ሲሰድባት ትውላለች። የሚሰደበው ፊት ለፊት ያለ ሰው ነውና አዘጋጁን የሚያውቀው የለም።

በዚህ ላይ እንጀራ ይቅርታ የማያውቅ ምግብ ነው። ሊጡ ቀናት ቆይቶ መቡካት አለበት፤ ምጣድ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አያወጣም፤ የዶሮ ወጥ ሽንኩርትም ማንም ቢቸኩል አይቸኩልም። ሌላው ሲያልቅበት ዳቦና ሥጋ ከገበያ አስመጥቶ ቀኑን ያድናል። የቅዳሜ እንጀራ ግን የሚቆጠረው ረቡዕ ነው።

ብዙ ሰው ማብላት ለዚህ ሕዝብ አዲስ ነገር ቢሆን ኖሮ ወቀሳው በቀለለ ነበር። በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግብር ሲበላ በሺህ የሚቆጠር ሰው በየተራው እየገባ ይስተናገድ ነበር። እርግጥ ነው፣ ተራው በማዕረግ ነበር፤ ወታደሩ መኳንንቱ እስኪነሡ ይጠብቃል። ያን ሥርዓት የሚናፍቅ ሰው ራሱን ከደጅ ቆሞ ማሰብ ይገባዋል። ቢሆንም ደጅ የቆመው ተራው እንደሚደርስ ያውቅ ነበር። በተራ ሰው ድግስም ቢሆን ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱና ሳህኑ ከእድር ይመጣል፤ ጋጋሪዋ ሌላ፣ ወጥ ሠሪዋ ሌላ፣ አሳላፊው ሌላ ነው፤ እንጀራውን እየቆጠረች የምታወጣ አንዲት ኮስተር ያለች ሴትም አትጠፋም። ምግብ ያነሰበት ደጋሽ ነገሩ ለዓመታት ይወራበታል። ቲኬት ይህን ኀፍረት አስቀርቷል፤ በምትኩ ግን የተጠያቂነት ውል አላመጣም።

አዘጋጆች የሚያነሡት መከራከሪያ ሐሰት አይደለም። የከተማው ፈቃድ፣ መድኑ፣ ጥበቃው፣ የሜዳው ኪራይ ሁሉ ገንዘብ ነው፤ ብዙዎቹም ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ በፈቃዳቸው የሚደክሙ ናቸው። ነገር ግን የሚሸጠውን ቲኬት በሚወጣው ሳህን ልክ መወሰን፣ መግቢያውን በሰዓት መከፋፈል፣ ስንት ድንኳን እንደሚኖር አስቀድሞ ማሳወቅ፣ ምግብ ላልደረሰው ገንዘቡን መመለስ ከድካም ይልቅ ፈቃደኝነትን የሚጠይቁ ናቸው።

በዚያው ከተማ፣ በማግስቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ብዙ መቶ ሰው ያለ ቲኬት እንጀራ በወጥ ይበላል። አብሳዮቹ በተራ የተመደቡ እናቶች ናቸው፤ ስንት ሰው እንደሚመጣ በልምድ ያውቁታል፤ ለዘገየውም ይተርፋል። የፌስቲቫል አዘጋጅ ለድምፅ ማጉያ ባለሙያ ይቀጥራል፣ ለዘፋኝ ቀብድ ይከፍላል። ከእነዚህ እናቶች ለአንዷ ደውሎ ለአምስት ሺህ ሰው ስንት እንጀራ እንደሚበቃ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።