ነጩን ሚስክ በገዛ ስሙ ሽጡት

በመተማም በገላባትም በገዳሪፍ ሱቅም የምትውሉ ወንድሞቼና እህቶቼ፣

ዛሬ ስለ ሰሊጥ ዋጋም ስለ ምንዛሬም አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ነጭ ሚስክ ነው፤ «ሚስክ አብየድ» እያልን በ3 እና በ6 ሚሊ ብልቃጥ ስለምንሸጠው የሴቶች ሽቶ። በኪስ የሚያዝ፣ ለብዙ ሰው አቅም የሚሆን ዕቃ ነው። እኛ ግን እያበላሸነው ነው። «እኛ» ያልኩት ራሴንም ጨምሬ ነው።

በቅርቡ አንድ ነጋዴ ካርቶን ሲያሳስር «ይሄ ወደ ኡም ጋርጉር ነው የሚሄደው፤ ለስደተኛ ከሸተተ ይበቃል» ሲል ሰማሁት። አጠገቡ የነበርነው ሁሉ ሳቅን። ማታ ቤቴ ስገባ ሳቄ አሳፈረኝ።

ኡም ጋርጉር ከኤርትራ የተሰደዱ ሰዎች ለአሥርት ዓመታት የኖሩበት ሰፈር ነው። እዚያው ተወልደው፣ እዚያው ተድረው፣ የልጅ ልጅ ያዩ አሉ። ሰርግ አለ፣ አራስ አለ፣ ቡና አለ። በዚህ አገር ደግሞ ሙሽራ ያለ ኹምራ አትዳርም። ኹምራ እንዴት እንደሚሠራ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። የሰንደል ዱቄት፣ መሕለብና ቅርንፉድ ይዘጋጃል፤ የሽቶ ዘይት በላይ በላዩ ይጨመርበታል፤ ከዚያ ታሽጎ ይከርማል። ከሚጨመሩት ዘይቶች አንዱ ነጩ ሚስክ ነው። አንዱ ዘይት ከተበላሸ አብሮት ያለው ሁሉ ይበላሻል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ከአንድ ጅምላ ሻጭ የገዛሁትን ሚስክ ሳልፈትሽ ቸረቸርኩት። ከሳምንታት በኋላ፣ ኻልቲ እያልን የምንጠራቸው አንዲት እናት ለልጃቸው ሰርግ ያዘጋጁትን ኹምራ ከነዕቃው ይዘው መጡና ከፍተው አፍንጫዬ ሥር አደረጉት። የከረመ የምግብ ዘይት ይሸታል። ገንዘብዎን ልመልስ ስላቸው «ያ ወለዲ፣ አንተ የሚስኩን ብትመልስ ሰንደሉን ማን ይመልስልኛል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ «ለስደተኛ ይበቃል» የሚለው ሒሳብ የተገለበጠ ነው። ገንዘብ ያላት ሴት መጥፎ ሽቶ ቢገጥማት ጥላው ሌላ ትገዛለች። በዓመት አንድ ብልቃጥ የምትገዛዋ ሴት ግን ሌላ ዕድል የላትም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለእሷ ነው።

አሁን ወደ ውሸቶቻችን ልምጣ።

አንደኛው «ከአጋዘን የተገኘ ነው» የሚለው ነው። የጥንቱ ሚስክ ከእስያ ተራሮች ከሚኖር አንድ ትንሽ አጋዘን መሰል እንስሳ፣ ከወንዱ ዕጢ የሚወጣ ነው። ዋጋው ከወርቅ ጋር የሚወዳደር ነው፤ ዓለም አቀፍ ንግዱም ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳት ስምምነት ይገደባል። ታዲያ በዳቦ ዋጋ የምንሸጠው ብልቃጥ ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል? ነጭ ሚስክ ሰው ሠራሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 አልበርት ባወር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ፈንጂ ሲመራመር የሚስክ ሽታ ያለው ነገር አገኘ፤ ሰው ሠራሹ ሚስክ የተጀመረው ያኔ ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ ጋላክሶላይድ የተባለው መጣ። ርካሽ ነው፣ ጨርቅ ላይም ይቆያል፤ ስለዚህ በልብስ ሳሙና ውስጥ ገባ። ዛሬ ነጭ ሚስክ ስናሸት ታጥቦ ፀሐይ ላይ የዋለ ልብስ የሚመስለን ለዚህ ነው። በላዩ የጃስሚን ወይም የፉል አበባ ሽታ ሲታከልበት ያ ሴቶች የሚወዱት ሽቶ ይሆናል። ሰው ሠራሽ መሆኑ ምን ያሳፍራል? እንስሳ አልሞተበትም፤ ዋጋውም የወረደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ውሸት የፓሪስ ስም መለጠፍ ነው። ዘይቱ በጀሪካን ይመጣል፣ እኛ በሲሪንጅ እንቀዳለን፣ ከዚያ የታወቀ ቤት ስም ያለበት ወረቀት እንለጥፋለን። ገዢዋ የከፈለችው ለሽታው ሳይሆን ለወረቀቱ ይሆናል። ሌላም ጣጣ አለው። ምንጩን የደበቀ ነጋዴ ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቆ ማረጋገጥ አይችልም። ሚስክ አምብሬት የሚባል የድሮ ሰው ሠራሽ ሚስክ ነበር፤ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ላይ ጉዳት ስለሚያመጣና ሌላም ችግር ስላለው የአውሮፓ ኅብረት በ1995 ከመዋቢያዎች አገደው። እንግዲህ በገዳሪፍ ፀሐይ ሥር ስለምትውል ሴት አንገት አስቡ።

ሦስተኛው «ለማሕፀን መድኃኒት ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ በየሱቁ አሉ። ወገን፣ እኛ የምንሸጠው የሚያሸት ነገር ነው። ከቆዳና ከልብስ አልፎ ወደ ሰውነት ውስጥ እንዲገባ መምከር የእኛ ሥራ አይደለም፤ ሐኪሞችም አይመክሩትም።

አራተኛውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ፤ ማቅጠን። በምግብ ዘይት፣ በስፒሪት፣ የተገኘው ሁሉ ይጨመራል።

«እውነቱን ከተናገርን ማን ይገዛናል?» የሚለኝ አይጠፋም። በዚሁ ሱዳን የታየውን ልንገረው። ብንት አል ሱዳንን የማያውቅ አለ? በ1920ዎቹ አካባቢ አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ለሱዳን ገበያ ብሎ ያዘጋጀው፣ አልኮል የሌለው፣ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጥ ርካሽ ሽቶ ነው። ነጋዴዎች በግመል ጭነው ሰፊውን የአፍሪካ ክፍል አዳረሱት፤ አያቶቻችን ሣጥን ውስጥም ነበር። ስሙ የሱዳን ልጅ፣ ሥዕሉም የሱዳን ልጅ። የፓሪስ ነኝ ብሎ አያውቅም። ይልቁንም ሌሎች እሱን አስመስለው ይሠሩ ነበር። ነጩ ሚስክም ራሱ በዓለም የታወቀው ተደብቆ አይደለም፤ ዘ ቦዲ ሾፕ የተባለው የእንግሊዝ ቤት በ1981 ሲያወጣው እንስሳ ያልተጎዳበት ሚስክ መሆኑን እንደ ክብር ነበር የሚናገረው። እኛ የምናፍርበትን ነገር እነሱ ሸጡበት።

ይህ የእኛ መንገድ ደግሞ ከድሮም የሽቶ መንገድ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በመተማና በገላባት በኩል ወደ ሱዳንና ግብፅ ከሚወርደው ዕቃ መካከል ቡና፣ ሰምና ዝባድ ነበሩበት። ዝባዱ በበሬ ቀንድ ታሽጎ ይወጣል፣ የአውሮፓ ሽቶ ቤቶችም ይጠብቁት ነበር። አንዳንዱ ነጋዴ ግን ቅቤ እየቀላቀለ ቀንዱን ይሞላ ነበር። ገበያውን የጣለው ቅቤው ብቻ ነው አልልም፤ ዋናዎቹ ምክንያቶች ሰው ሠራሹ ምትክና በጥርኞቹ አያያዝ ላይ የተነሣው ወቀሳ ናቸው። የዝባድንና የሚስክን ሽታ ምሥጢር በ1926 የፈታው አንድ ሰው ነበር፣ ሊዮፖልድ ሩዚችካ፤ በ1939ም የኖቤል ሽልማት አገኘ። ግን ምትክ በተገኘበት ቀን «የሐበሻ ዝባድ ይሻለናል» ብሎ የሚከራከርልን ገዢ ከፈለግን፣ ቅቤ የገዛ ሰው እንዴት ይከራከርልናል?

ለሻጩም ፍትሕ ልስጥ። አንዳንድ ሰው አንዳንድ የሚስክ ዓይነት ጨርሶ አይሸተውም፤ የአፍንጫ ተፈጥሮ ነው። «ውሃ ነው የሸጥክልኝ» የምትል ደንበኛ ሁሉ ተታልላለች ማለት አይደለም። እንዲህ ያለች ስትመጣ አትጨቃጨቁ፤ አጠገቧ ያለች ሌላ ሴት ታሽትላት። ስትገዙም የራሳችሁን አፍንጫ ብቻ አትመኑ። አንድ ጠብታ አንጓችሁ ላይ አድርጉና ሥራችሁን ሥሩ። የአበባው ሽታ ቀድሞ ይሄዳል፣ ሚስኩ ግን መቆየት አለበት። ስፒሪት የበዛበት ቆዳን ቀዝቀዝ አድርጎ ቶሎ ይበናል። የምግብ ዘይት ያለበትን ደግሞ ጥቂቱን ክፍት ትታችሁ ከቀናት በኋላ አሽቱት።

እኔ ከዚህ በኋላ በየብልቃጡ ላይ በአማርኛና በዐረብኛ «ነጭ ሚስክ፣ ሰው ሠራሽ፣ ያልተቀላቀለ» ብዬ እጽፋለሁ፤ የገዛሁበትን ሱቅም ለጠየቀኝ እናገራለሁ። መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ በሆነበት በዚህ የጦርነት ጊዜ ትርፋችን ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ከዚያችው ትርፍ ነው የምበላው። የማይስማማ ካለ እዚሁ ይጻፍልኝ። ሲጽፍ ግን «ለስደተኛ ይበቃል» ያለውን ቃል ለኻልቲ በአካል ሄዶ ሊነግራቸው ይችል እንደሆነ አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ።