አደራው በማን እጅ ነው?

ድረ ገጾች በተዘጉ ቁጥር አንድ ጥያቄ ከየአቅጣጫው ይሰማል፤ «ፕሮክሲ ሰርቨር ለማቆም ርካሽ ሆስቲንግ ከየት ይገኛል?» የሚል። የጥያቄው መነሻ የሆነው ችግር አዲስ አይደለም። በግንቦት 1998 ዓ.ም. መንግሥትን የሚተቹ ጦማሮች ከአገር ውስጥ እንዳይነበቡ ተደረገ፤ በግንቦት 2004 ዓ.ም. ቶር የተባለው የእገዳ ማለፊያ መሣሪያ የመረጃ ፍሰቱ እየተፈተሸ ተዘጋ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. 264 ድረ ገጾች ተከፈቱ ከተባለ አምስት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ፣ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው አምስት ወር ያህል ቆዩ። ስለዚህ ዜጋ መሻገሪያ ቢፈልግ አይፈረድበትም። የእኔ ሙግት ከተሻጋሪው ጋር ሳይሆን ድልድዩን ከሚሠራው ጋር ነው።

ድልድይ ሠሪዎቻችን፣ ይልቁንም በአሜሪካና በአውሮፓ ተቀምጠው ላገር ቤት ወዳጆቻቸው ሰርቨር የሚከራዩት፣ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፤ በወር ስንት ዶላር ነው? ፍጥነቱስ? ይህ የዕቃ ግዢ ጥያቄ ነው። ፕሮክሲ ማቆም ግን አደራ መቀበል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፕሮክሲ የሚያልፍ ሰው ገጹን ራሱ አይጠይቅም፤ ሰርቨሩ ጠይቆ ያመጣለታል። ግንኙነቱ በምስጠራ የተሸፈነ ከሆነ፣ የአገር ውስጡ ቴሌኮም ሰውየው ከሰርቨሩ ጋር መገናኘቱን እንጂ ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሄደ አያይም። ያ ዕውቀት ግን እጅ ቀየረ እንጂ ከምድር አልጠፋም። ማን፣ መቼ፣ ወደየትኛው ድረ ገጽ እንደሄደ አሁን የሚያውቀው ሰርቨሩ ነው። አድራሻ ሲጻፍላቸው ገጹን ራሳቸው ቀድተው የሚያሳዩ የድረ ገጽ ፕሮክሲዎችማ የይለፍ ቃል ሳይቀር ማንበብ ይችላሉ። ማሽኑ ደግሞ የአከራዩ ንብረት ነው፤ አከራዩ ከፈለገ ወይም ከታዘዘ፣ ተከራዩ ሳያውቅ ዲስኩን ሊገለብጠው ይችላል።

«ቢያውቅስ ምን ይመጣል?» የሚል ካለ፣ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የታሰሩትን ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ያስታውስ። በክሱ ውስጥ በዲጂታል መንገድ ራስን ስለመጠበቅ የተወሰደ ሥልጠና ሳይቀር እንደ ወንጀል ተጠቅሶ ነበር። የሽብር ክሱ በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. በከፊል ተነሥቶ፣ በከፊልም በፍርድ ቤት ውድቅ ሆኗል፤ በእስር ያለፈውን ዕድሜ የሚመልስ ፍርድ ቤት ግን የለም። ራስን መጠበቅ መማር እንዲህ ካስከሰሰ፣ የተጠቃሚዎች ዱካ አንድ በአንድ የተመዘገበበት ሰርቨር ምን ሊያስከትል ይችላል?

«ነፃውን እንጠቀማለና!» ይሉናል። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 የገዛው ኦናቮ፣ ነፃ ቪፒኤን እያቀረበ የተጠቃሚዎቹን የስልክ ውሎ ለባለቤቱ ኩባንያ ሲያቀብል ቆይቶ በ2019 ተዘግቷል። ከአገር ቤት ሰላይ ሸሽቶ የባዕድ ነጋዴ ሲሳይ መሆን ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ሌሎች ደግሞ «ሰርቨሩ ስዊዘርላንድ ነው፤ አትሥጉ» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን የስዊዘርላንዱ ፕሮቶንሜይል፣ ከፈረንሳይ ፖሊስ በመነጨ ጥያቄ የአገሩ ባለሥልጣናት ስላዘዙት፣ የአንድን የአየር ንብረት ተሟጋች አይ ፒ አድራሻ መዝግቦ ሰጥቷል። የአገር ስም ጋሻ አይሆንም፤ መታወቅ ያለበት ሕጉ ነው።

የኩባንያ ግዝፈትም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 ሩሲያ ቴሌግራምን ለመዝጋት ስትነሣ የአማዞንንና የጉግልን አይ ፒ አድራሻዎች በሚሊዮን እየቆጠረች አገደች፤ ከቴሌግራም ጋር ምንም ያልነበራቸው አገልግሎቶች አብረው ተጎዱ። በትልቅ ኩባንያ አድራሻ ውስጥ መሸሸግ ለከልካዩ ኪሳራ እንደሚያበዛበት ታየ። ይሁን እንጂ በዚያው ሰሞን ሁለቱም ኩባንያዎች፣ እገዳ ማለፊያዎች በእነርሱ ስም ተከልለው የሚያልፉበትን ዘዴ ዘጉ። ግዙፉ የሚያስጠልለው ጥቅሙ እስካልተነካ ድረስ ብቻ ነው።

እንግዲህ ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው። የኪራይ ውሉ ፕሮክሲን ይፈቅዳል? ብዙ ሰው በጋራ የሚገለገልበት ርካሽ ሆስቲንግ አብዛኛውን ጊዜ ይከለክላል። አከራዩ ምን ይመዘግባል? ለምን ያህል ጊዜስ ያቆያል? አቤቱታ ሲመጣበት ያስጠነቅቃል ወይስ ወዲያው ያቋርጣል? መረጃ እንዲሰጥ በማን ትእዛዝ ይገደዳል? አይ ፒ አድራሻው ቢታገድ ሌላ ይተካል? ባለ ሰርቨሩም ራሱን ይጠይቅ፤ መዝገቡን አጥፍቻለሁን? በሩን ለሚያውቃቸው ብቻ ነው የከፈትሁት ወይስ ለአላፊ አግዳሚው? ያልተመዘገበ ነገር በሌባም በመርማሪም አይወሰድም።

«ይህ ሁሉ ጥያቄ ለድሃ አገር ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ተቃራኒውን እላለሁ። መረጃው ሲያፈተልክ ሀብታም አገር ያለው ሰው ጠበቃ ይቀጥራል፤ እኛ ዘንድ ግን ስንቅ ይመላለሳል። ሁለት ዶላር ለመቆጠብ ብሎ የሌላውን ሰው ደኅንነት ለማያውቀው አከራይ የሚያስረክብ ሰው፣ ሐሳቡ የቀና ቢሆን እንኳ፣ ከአደራ በላ አይለይም። አደራውን የማይጠብቅ ድልድዩን ባይሠራ ይሻላል።

ቸር ይግጠመን።