ውኃም መሬትም ለሆነው ረግረግ

በየዓመቱ ለበዓለ ጥምቀት የዐፄ ፋሲልን ጥምቀተ ባሕር የሚሞላው ቀሐ፣ ለከተማው ሕዝብ መጠጥ ከተገደበው ከአንገረብ ጋር ሆኖ ወደ መገጭ ይወርዳል፤ መገጭም የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል፤ ጣናም ለዐባይ፣ ዐባይም ለሱዳንና ለግብፅ ያስረክባል። ከስሜን ተራሮች የሚነሡት አፍላግ ደግሞ በተከዜ በኩል ከአገር ይወጣሉ። እንግዲህ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51፣ ክልሎችን የሚያገናኙትንና የአገርን ወሰን የሚሻገሩትን ውኃዎች አጠቃቀም የመወሰን ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት የሰጠ በመሆኑ፣ ቃሉን እስከ ጫፉ ተከትሎ የሚተረጉም ሰው፣ በዳባትና በደባርቅ ኮረብታ ሥር የምትፈልቀውን ምንጭ እንኳ ሳይቀር ከአዲስ አበባ ሥልጣን በታች ሊያውላት ይችላል።

ሕግ አውጪው ግን ይህን ያህል አልራቀም፤ ደግም አደረገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197፣ ውኃን የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት አድርጎ የፈቃዱን ሥርዓት ካደላደለ በኋላ፣ በእጅ የተቆፈረን ጉድጓድ፣ ባህላዊ መስኖንና የውኃ ወፍጮን ከፈቃድ ነጻ አወጣ። ጅረቱን በድንጋይና በጭቃ ከልሎ በቦይ ወደ ድንች ማሳው የሚመራ የወገራ ገበሬ የሚኒስቴር ማኅተም ሊጠየቅ አይገባውም፤ ተራ የሚያስጠብቀው የውኃ አባት ከአዋጁ በፊት የነበረ ነውና። የማዕከላዊው ሥልጣን በዚህ መጠን መገታቱን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ።

ነገሩ የሚከፋው ረግረግ ላይ ስንደርስ ነው። ረግረግ እኩሌታው ውኃ፣ እኩሌታው መሬት ስለ ሆነ፣ ውኃነቱን ያየ ወደ ፌዴራል፣ መሬትነቱን ያየ በአንቀጽ 52 መሬትን እንዲያስተዳድር ወደ ተደረገው ክልል ይመራዋል፤ በመካከሉ ሞፈሩ ይገባል። ዘመነ ጽጌ አልፎ ክረምት ያጥለቀለቀው ውኃ ወደ ጣና ሲመለስ፣ የደምቢያ ገበሬ ባሕር ሸሹን እየተከተለ ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ ደንገሉም ታንኳ ሊታሰርበት ከሚታጨደው አልፎ ከነሥሩ ይነቀላል፤ ከርሞ ደግሞ ትልሙ ከአምናው ጥቂት ገፍቶ ይውላል። ያ ደንገል የቆመበት ጭቃ መገጭ ከደጋው አጥቦ የሚያመጣውን ደለል የሚያስቀር ወንፊት ነበረ። አሁን ደለሉና የማዳበሪያው እጣቢ ያለ ከልካይ ወደ ሐይቁ ይዘልቃል፤ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ ዳርቻ የተንሰራፋው እንቦጭ የሚፋፋውም በዚሁ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ መመዝገቡ ታላቅ ክብር ሲሆን፣ ሞፈሩን ግን አላስቆመም።

የአሜሪካኖቹ ነገር ለዚህ ትምህርት ይሆነናል። በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው የንጹሕ ውኃ ሕጋቸው የትኛውን ረግረግ እንደሚጨምር ብዙ ከተሟገቱ በኋላ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ2023 እ.ኤ.አ. ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ጋር በገጸ ምድር ሳይቋረጥ የተገናኘውን ብቻ ነው ብሎ ፈረደ። የተረፈው ለየግዛቶቹ ቀረ፤ ከግዛቶቹም አያሌዎቹ የራሳቸው የረግረግ ሕግ አልነበራቸውም።

ስለዚህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራሉን ሥልጣን ሲወስን፣ የቀረውን የሚረከበውንም በስሙ ይጥራ። ምንጩ፣ ጅረቱና የግጦሹ ጨፌ ለወረዳ፣ ለቀበሌና ለውኃ አባቶች ይተው። የጣናን ዳርቻ የከበበው ረግረግ ግን እንዳይታረስና እንዳይጠነፈፍ፣ ክልሉ ሊያጠብቀው እንጂ ሊያላላው የማይችል ድንጋጌ በፌዴራል ሕግ ይቁምለት፤ ወሰኑም በችካል ተለይቶ ጥበቃው ከደንገል አጫጁና ከከብት አርቢው ወገን ለሚመረጡ ሰዎች ይሰጥ። ሞፈሩን እንዲሰበስብ የሚታዘዘው ገበሬ ልጆች አሉትና፣ ከባሕር ሸሹ ያገኘው የነበረውን ሽምብራ የሚተካ መሬት ወይም ካሣ በዚያው አዋጅ ውስጥ በአንቀጽ ይጻፍለት፤ ለመመሪያ የተተወ ካሣ እስኪወጣ ድረስ ሁለትና ሦስት ክረምት ያልፋልና።