ፓራውልት ተጭሮ ፕሪሚየም ሲጨምር

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከቀላል አደጋ በኋላ የሚመጣውን የመኪና ኢንሹራንስ ፕሪሚየም ጭማሪ ይመለከታል

ሙሉ ሽፋን የገባ ባለመኪና ውሉን ሲፈርም መኪናው በስንት ብር እንደተገመተ፣ ካሳ ሲጠይቅም ስንት እንደሚቀነስበት ያውቃል። ለአንዲት ግጭት ካሳ ቢጠይቅ የከርሞ ፕሪሚየሙ በስንት እንደሚጨምር ግን ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ውሉ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የማደሻው ሒሳብ ሲነገረው ነው። ጭማሪው ጨርሶ ይቅር አልልም። ደንቡ ከአደጋው በፊት ተጽፎ ይታወቅ ነው የምለው። በመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 ኩባንያዎቹን የሚቆጣጠረው ባንኩ ስለሆነ፣ አቤቱታውም ወደ እናንተ መጥቷል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። የአንድ መኪና መደበኛ ፕሪሚየም 40 ሺህ ብር ነው እንበል። ባለቤቱ ለዓመታት ካሳ ስላልጠየቀ 30 በመቶ የኖ ክሌም ቅናሽ ያገኛል፤ ስለዚህ የሚከፍለው 28 ሺህ ነው። አንድ ቀን መኪናውን ሲያቆም የኋላ ፓራውልቱን ከግንብ ያጋጫል። ለባቲላሜራውና ለቀለሙ 9 ሺህ ብር ይጠየቃል። ከዚህ ውስጥ 3 ሺው በኤክሰስ የራሱ ዕዳ ነው፤ ኢንሹራንሱ 6 ሺህ ይከፍልለታል። በዚህ ምክንያት ቅናሹ ከተነሣበት በማደሻው 12 ሺህ ብር ጨምሮ ይከፍላል። ለስድስት ሺህ ብር ካሳ አሥራ ሁለት ሺህ፣ ያውም በመጀመሪያው ዓመት ብቻ! ቅናሹ በአንድ ጊዜ አይመለስምና ቀሪውን በየዓመቱ እየከፈለ ይወጣዋል።

ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ ያላሰፈረ ሾፌር እንኳ በልቡ ያውቀዋል። ስለዚህ ይደብቃል። አስፋልት መሐል ሁለት መኪኖች ተነካክተው ሲቆሙ፣ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን ሳያነሣ ሾፌሮቹ እዚያው ተደራድረው፣ ብር ተቀባብለው ይለያያሉ። ፍሬቻው የተሰበረው መኪና ለወራት በፕላስተር ተለጥፎ ይዞራል። ኋላ ከበድ ያለ አደጋ ሲደርስ የድሮው ጉዳት ከአዲሱ ጋር ይደባለቅና ገማቹና ባለመኪናው ይጨቃጨቃሉ፤ በጊዜው ያልተነገረ አደጋ ደግሞ ካሳ ለመከልከል በቂ ሰበብ ይሆናል። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው የኢንሹራንሱ መረጃ ነው። የአደጋ መጠን በትክክል ያልተመዘገበበት ገበያ ትክክለኛ ፕሪሚየም ከየት ያመጣል? እናንተም የምትቆጣጠሩት በዚሁ በጎደለ መረጃ ነው።

ኩባንያዎቹ የሚያነሡት የመጀመሪያው መከራከሪያ አደጋ ያደረሰ ሰው ነገም ሊያደርስ ይችላል የሚል ነው። ጥፋቱ የራሱ ከሆነ እውነት አላቸው። ነገር ግን መንገድ ዳር አቁሞ የተገጨው ሰው ስለ አነዳዱ ምን የተነገረ ነገር አለ? የ1952ቱ የንግድ ሕግ ካሳ የከፈለ መድን ሰጪ በደንበኛው እግር ተተክቶ ጥፋተኛውን እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ኩባንያው ገንዘቡን ከጥፋተኛው የማስመለስ መብት እያለው የተገጨውን ሰው ቅናሽ ማንሣት አንዱን ጉዳት ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው። ፈረንሳይ ይህን እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በቁጥር ዘግታዋለች፦ ሙሉ ጥፋት ያለበት ፕሪሚየሙ በ1.25፣ ጥፋቱን የተጋራ በ1.125 ይባዛበታል፤ ጥፋት የሌለበት ምንም አይጨመርበትም። ያለ አደጋ ላለፈ እያንዳንዱ ዓመት 5 በመቶ ይቀነሳል፤ ጭማሪ የተጣለበት ሰው ሁለት ተከታታይ ዓመት ያለ አደጋ ከነዳ ወደ መነሻው ይመለሳል። አንድ የፈረንሳይ ሾፌር የሚቀጣውን ቅጣት በመሪው ላይ እንዳለ ማስላት ይችላል ማለት ነው። ካሊፎርኒያ ደግሞ የንብረት ጉዳት ብቻ የደረሰበትን አደጋ በሾፌሩ ላይ ለመቁጠር ቢያንስ 51 በመቶ ጥፋተኛ መሆኑንና ጉዳቱም ከተወሰነ የገንዘብ መጠን መብለጡን ይጠይቃል። እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ ገልብጡ አልልም፤ የኛ ገበያ የኛ ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ ትንንሽ ካሳ ለኩባንያው ወጪ ያበዛል የሚል ነው፤ ገማች መላክ አለ፣ ከጋራዥ ፕሮፎርማ መሰብሰብ አለ። ልክ ነው። ኤክሰስ የተፈጠረው ግን ለዚሁ ነው። ትንሹን ጉዳት ባለመኪናው እንዲችል አስቀድሞ ተስማምተን ሳለ፣ በማደሻው ደግሞ ለዚያው ምክንያት መልሶ መክፈል ምን አመጣው?

የመለዋወጫ ዋጋም ይነሣል። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከመቶ አልፏል፤ የፊት መብራት የሚገዛ ሁሉ ያውቀዋል። በዚህ የተነሣ የሁሉም ሰው ፕሪሚየም ቢጨምር አያስገርምም። ችግሩ ሁለቱ ጭማሪዎች በአንድ ድምር ተጠቅልለው ሲመጡ ነው። ባለመኪናው ምን ያህሉ ለዶላሩ፣ ምን ያህሉ ለግንቡ እንደሆነ መለየት አይችልም።

ነፃ ገበያ ነው፣ ያልተመቸው ወደ ሌላ ኩባንያ ይሂድ የሚሉም አሉ። ይሂድ። አዲሱ ኩባንያ ግን ከአሮጌው የኖ ክሌም ማስረጃ አምጣ ይለዋል፤ የሚነጻጸር ደንብ ከሌለ ደግሞ ከየትኛው ወደ የትኛው እንደሚሻል በምን ያውቃል? ባንኩ ዋጋ ይተምን አላልኩም። እያንዳንዱ ኩባንያ ጭማሪ የሚያስከትለው አደጋ ከስንት ብር እንደሚጀምር፣ ጥፋት የሌለበትን ሰው እንዴት እንደሚያስተናግድና ቅጣቱ ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚያሳይ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ከውሉ ጋር እንዲያያይዝ ያስገድድ። የማደሻው ደብዳቤ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይድረስ፤ በውስጡም መደበኛው ፕሪሚየም፣ የዋጋ ንረቱ ጭማሪና በአደጋው ምክንያት የተጣለው ቅጣት በሦስት የተለያዩ መስመሮች ይጻፉ።

ከሰላምታ ጋር